ከማጀት እስከ ቀይ ባሕር
በጨለማ ውሃ ውስጥ የሚያበሩ ቀለሞችን በካሜራ ለማስቀረት ለሚያስቡ ጀማሪዎች

መብራት የሚጠፋበትን ምሽት ይጠብቁ። የምጽፍልዎት ስለ ባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ ነው፤ የመጀመሪያው ትምህርት ግን ባሕር ዳር ሳይሆን ማጀት ውስጥ ነው የሚሰጠው። ልጆቹ «መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ ሲነጫነጩ፣ ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ዓይነት ትንሽ ሐምራዊ ባትሪ ያውጡ። ብርጭቆ ውስጥ ቶኒክ ውሃ ይቅዱና ያብሩበት። ምንም ቀለም ያልነበረው ውሃ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። የሚያበራው በውስጡ ያለው ኪኒን ነው፤ ያው ለወባ ሲወሰድ የኖረው መራራ መድኃኒት።

ቀጥለው አንድ የጎመን ቅጠል ይበጣጥሱና በስኒ አልኮል ውስጥ ይዘፍዝፉ። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው ፈሳሽ አልኮል ይበቃል። ሻማ ለኩሰው ከሆነ ግን ስኒውን ከእሳቱ ያርቁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አልኮሉ አረንጓዴ ይሆናል። ባትሪውን ሲያበሩበት ያ አረንጓዴ ፈሳሽ ደም መስሎ ይቀላል። የእኔ ልጅ ይህን ስታይ 10 ዓመቷ ነበር። መብራቱ ሲመጣ «አጥፉት! አጥፉት!» ብላ ጮኸች። እኛ ቤት እንዲህ ተብሎ አያውቅም።

ያየነው ነገር ፍሎረሰንስ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1852 ያወጣለት ጆርጅ ስቶክስ የተባለ ሳይንቲስት ሲሆን፣ ፍሎራይት ከሚባለው ማዕድን ወስዶ ነው። ቃሉ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ጣሪያችን ላይ የምንሰቅለው ረጅሙ ፍሎረሰንት አምፖል የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ብርሃን በአብዛኛው ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ነው። ከውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ያንን ይቀበልና ወደምናየው ብርሃን ይለውጠዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ነገር ብርሃን ይውጥና ጥቂቱን ጉልበት ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን በሌላ ቀለም ይመልሳል። መቶ ብር ተቀብሎ ሰማንያ እንደመመለስ ማለት ነው፤ ሃያዋ በሙቀት መልክ ትቀራለች። ስለዚህ ሰማያዊ ገብቶ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይወጣል። ብርሃኑ ከተቋረጠ መልሱም ወዲያው ይቋረጣል። በሌሊት ብልጭ ድርግም ከምትለው ትንኝ መሰል ነፍሳት የሚለየውም በዚህ ነው፤ እሷ ብርሃኗን ራሷ ታመርታለች፣ እነዚህኞቹ ግን ካልሰጧቸው አይመልሱም።

ባሕሩስ?

ባሕር ውስጥ ይህ ነገር ከሚያስቡት በላይ ሞልቷል። ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጠዋል። 10 ሜትር ያህል ሲወርዱ ቀይ ቲሸርትዎ ጭቃ መስሎ ይታያል፤ ሰማያዊው ብርሃን ግን ብዙ ርቀት ይወርዳል። ኮራል የሚኖረው በዚህ ሰማያዊ ዓለም ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፣ አንዳንዱም ቁጥቋጦ። እንስሳ ነው። ድንጋዩን የሚገነቡት ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ ኪራያቸውን በምግብ የሚከፍሉ ተከራዮች አሏቸው፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች። ሰማያዊ ብርሃን ሲያበሩበት የፖሊፖቹ ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ብርቱካናማ ሆኖ ይበራል። አልጌው ደግሞ ልክ እንደ ጎመኑ ጥቁር ቀይ ይሆናል። ማጀት ያየነውና ባሕር ውስጥ የሚታየው ቀይ ምንጩ አንድ ነው፤ ክሎሮፊል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሬኔ ካታላ የተባለ ፈረንሳዊ በኒው ካሌዶኒያ ደሴት፣ ኑሜያ በምትባል ከተማ ባቋቋመው አኳሪየም ኮራሎችን በጨለማ ክፍል አስቀምጦ አልትራቫዮሌት እያበራባቸው ለሕዝብ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ ከአንድ የጄሊፊሽ ዝርያ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ማግኘቱን ጻፈ። ያኔ ለምን እንደሚጠቅም የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። ዛሬ ተመራማሪዎች በሕያው አካል ውስጥ አንዲት ሴል የት እንደደረሰች የሚከታተሉት በዚህ ፕሮቲን ምልክት እያደረጉ ነው። ሺሞሙራም በ2008 ከማርቲን ቻልፊና ከሮጀር ቼን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፍሏል። ዓሦችም ቢሆኑ አልቀሩም። ዴቪድ ግሩበርና ጆን ስፓርክስ ያሉበት ቡድን በ2014 ባሳተመው ጥናት ከ180 በላይ የሚሆኑ የዓሣ ዝርያዎች እንደሚያበሩ አሳይቷል።

ኮራል ለምን ያበራል ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የለም፤ እኔን የሳበኝም ይኸው ነው። ፀሐይ በሚበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ አንዳንዱ ፕሮቲን እንደ ጃንጥላ ያገለግላል፣ አልጌውን ከኃይለኛ ፀሐይ ይከልላል ይባላል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤላት፣ በ2015 የታተመ ጥናት ግን ከ50 ሜትር በታች፣ ፀሐይ በቅጡ በማትደርስበት ቦታ፣ ከአረንጓዴ እስከ ጥቁር ቀይ የሚያበሩ ኮራሎችን አገኘ። እዚያ ታች ጃንጥላ ምን ያደርጋል? አንዱ መልስ ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ብርቱካናማና ቀይ በመለወጥ ሥጋው ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ይረዳል የሚል ነው። በ2022 ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ይዘው መጡ፤ ቀለሙ ወጥመድ ነው፣ በውሃው የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት ወደሚያበራው ኮራል እየተሳቡ ይበላሉ አሉ።

ኤላት፣ የመጀመሪያው ምሽት

መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ለኤላት እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራባት ዔጽዮንጋብር በአጠገቧ እንደነበረች ተጽፏል። እኔን ግን ወደዚያ የወሰደችኝ አሽዶድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ነገሩን በስልክ ስነግራት፣ «አንቺ አዲስ አበባ ቁጭ ብለሽ ስለ ቀይ ባሕር ታወሪያለሽ፣ እኛ አፍንጫችን ሥር ሆኖ አይተነው አናውቅም» አለችኝ። በዓመቱ እኔ፣ እሷና 11 ዓመት የሞላት ልጄ ከአሽዶድ በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ወረድን።

ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከኮራል ጥብቅ ሥፍራው ውጭ ባለ አንድ ዳርቻ፣ ከአስጎብኚያችን ጋር ውሃ ውስጥ ገባን። ልጄ ሕይወት አድን ጃኬቷን ለብሳ፣ እስከ ደረቷ በሚደርስ ውሃ፣ የአክስቴን ልጅ እጅ ይዛ ፊቷን ብቻ ነከረች። አስጎብኚው በመጀመሪያ ነጭ ባትሪ አበራ። ቡናማ ድንጋይ። አቧራ የለበሰ የሚመስል። ልጄ ቀና ብላ «ይኼ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ነጩን አጠፋና ሰማያዊውን አበራ፤ በመነጽራችን ላይ ቢጫ መሸፈኛ አወረድን። ያ ቡናማ ድንጋይ ከላይ እስከ ታች በአረንጓዴ መስመር ተሸፍኗል፤ መስመሩ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ አንዱ ከሌላው ጎን ይሄዳል፣ ልክ ተሠርቶ እንዳበቃ ሹሩባ። ሰዎች የአንጎል ኮራል የሚሉት ይህን ነው። እኔ ሹሩባ ብዬዋለሁ። በዙሪያው የነበረው ነገር ሁሉ፣ አሸዋውም ድንጋዩም የእኔም እጅ፣ ጠፍቷል።

ሃምሳ ያህል ፎቶ አነሳሁ። ሆቴል ደርሰን ስናያቸው ሁሉም ሰማያዊ ናቸው፤ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ። ቢጫውን መሸፈኛ ዓይኔ ላይ አድርጌ ካሜራው ላይ ማድረግ ረስቻለሁ! ዓይኔ ያየውን ሹሩባ ካሜራው አላየውም።

ሰማያዊ ይስጡ፣ ቢጫ ይከልክሉ

ይህን ስህተት ካልደገሙት የሥራውን ግማሽ ጨርሰዋል። ኮራሉ የሚመልሰው ብርሃን እርስዎ ከሚያበሩበት ሰማያዊ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። ሰማያዊው እየተንጸባረቀ ከተመለሰ ደካማውን ይውጠዋል። ስለዚህ ሁለት በር ጠባቂዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ባትሪው ላይ ተቀምጦ ከሰማያዊ በቀር ሌላ ቀለም እንዳይወጣ ያደርጋል። ሁለተኛው፣ ቢጫው፣ ሌንሱ ላይ ተቀምጦ ሰማያዊው እንዳይመለስ ያግዳል። በመካከል የሚያልፈው ኮራሉ ራሱ የሰጠው ቀለም ብቻ ነው።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ጥርስ አስሞልተው ከሆነ ይህን ነገር አይተውታል። ሐኪሙ ሙሌቱን ለማድረቅ ሰማያዊ ብርሃን ሲያበራ፣ ዓይኑን የሚከልለው ብርቱካናማ ፕላስቲክ አለ፤ ሰማያዊውን ያስቀራል፣ ሌላውን ያሳልፋል።

ሲገዙ ታዲያ የቤቷን ሐምራዊ ባትሪ አያጉሉ፤ ለባሕሩ ግን ሌላ ይፈልጉ። ብዙ ሰው አልትራቫዮሌት ይሻላል ብሎ ይጀምራል። ለኮራል ግን 450 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው ጥልቅ ሰማያዊ የበለጠ ቀለም ያወጣል። ለባሕር ሥራ የተሠሩ ሰማያዊ ባትሪዎች ከነማጣሪያቸው ይሸጣሉ። ቢጫ ማጣሪያውንም ከዚያው ባትሪ ጋር አብሮ የተሠራውን ቢወስዱ ከብዙ ራስ ምታት ይድናሉ። ነጭ ፍላሽ ካለዎት ደግሞ በላዩ ላይ የሚገጠም ሰማያዊ ማጣሪያ ይገኛል።

ዕቃው ሲደርስዎ ሳይጓዙ በፊት ቤት ውስጥ ይፈትኑት። ለምግብ መሸፈኛ የምንጠቀምበትን ፎይል ጨምድደው በጨለማ ክፍል ያስቀምጡ። ሰማያዊውን ያብሩበትና በቢጫው በኩል ይመልከቱ። ፎይል ከማንጸባረቅ በቀር ምንም ቀለም አይፈጥርም፤ ስለዚህ ጥቁር ሆኖ መጥፋት አለበት። ጎልቶ ከታየዎት አንዱ ማጣሪያ ያሾልካል። ከጎኑ የጽሑፍ ማቅለሚያ ማርከር የተቀባበት ወረቀት ያድርጉ፤ እሱ እንደ እሳት መብራት አለበት። ይህ የአምስት ደቂቃ ፈተና የእኔን ሃምሳ ፎቶዎች ያድን ነበር።

ካሜራው

ውድ ካሜራ ለመጀመር አያስፈልግም። ስልክዎን ግን በፕላስቲክ ከረጢት ከትተው ጨው ውሃ ውስጥ አይግቡ፤ ባንክዎም ፎቶዎችዎም የቤተሰብዎ ስልክ ቁጥርም አብረው ይሰምጣሉ። እኔ የተጠቀምኩት ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ኦሊምፐስ ቲጂ-6 የተባለ ትንሽ ካሜራ ነው። ያለ ምንም ተጨማሪ ሳጥን እስከ 15 ሜትር ይገባል፣ በጣም ቅርብ የሆነ ትንሽ ነገርም ያነሳል። ከዚያ በታች መውረድ የሚፈልግ የውሃ ሳጥን ይጨምርበታል። ጎፕሮ ያላቸው ሰዎች ቪዲዮ ይሞክራሉ፤ ብርሃኑ ጠንካራ ካልሆነ ግን ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ካሜራውን ለራሱ ከተዉት ይሳሳታል። ጨለማ ሲያይ «ይህማ ብርሃን አነሰው» ብሎ ሁሉን ነገር ያነጣዋል፣ ጥቁር መሆን ያለበት ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ብርሃን መቀነሻውን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ። ሌንሱን እስከሚችለው ይክፈቱ፤ አይኤስኦውን ከ800 ይጀምሩና ካልበቃ ወደ 1600 ይውጡ። ፍጥነቱን ከ1/60 ሰከንድ በታች አያውርዱ፤ ውሃ ውስጥ እርስዎም ኮራሉም አትረጉም። በሰማያዊ ማጣሪያ የተሸፈነ ፍላሽ ያለው ሰው ደግሞ ፍላሹን ሙሉ ኃይል ላይ አድርጎ ሌንሱን ጠበብ ማድረግ ይችላል። የነጭ ሚዛኑን አውቶማቲክ ላይ አይተዉት፤ የቀን ብርሃን ላይ ይቆልፉት። አለበለዚያ ካሜራው አረንጓዴውን ሊያርምልዎ ይነሳል። ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ በሮው ፋይል ያስቀምጡ፣ ቤት ገብተው ማስተካከል ይቀልልዎታል።

የካሜራው የራሱ ፍላሽ መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ያረጋግጡ። አንድ ነጭ ብልጭታ ሁሉንም ያበላሻል። አጠገብዎ ያለው ሰው ነጭ ባትሪ ካበራም እንዲሁ፤ አብረው የሚገቡ ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ይስማሙ።

ቅርብ ይሁኑ፤ ከሁለት ስንዝር ቢያንስ ይመረጣል። ብርሃኑ ደካማ ነውና ርቀት ይገድለዋል። በተራ የሌሊት ፎቶ ሰውን የሚያስመርረው በውሃው የሚንሳፈፈው ብናኝ ነው፤ ፍላሹ ያበራበትና ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል። እዚህ ግን ብናኙ የሚመልሰው ሰማያዊ ብቻ ስለሆነ ቢጫው ያስቀረዋል። ጀርባው ጥቁር ሐር ይሆናል። ጀማሪን የሚክስ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

አንድ ነገር ልምከርዎ። ያንኑ ኮራል ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ ቢጫውን አንስተው በነጭ ብርሃን ያንሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን አሳትመው ሳሎን ቢሰቅሉ፣ ቤትዎ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ ይጠይቃል። የሚያበራው ብቻውን ከሆነ ብዙ ሰው በኮምፒውተር የተቀባ ይመስለዋል።

የሚያነሱት ደግሞ ኮራል ብቻ አይደለም። የባሕር አበባ የሚመስሉት አኒሞኖች፣ ጠጉራም ትሎች፣ አሸዋ ላይ ተኝተው የማይንቀሳቀሱ ዓሦች ያበራሉ። ጊንጥ ዓሣ የሚባለው ድንጋይ መስሎ የሚያደባው ዓሣ ቀይ ሆኖ ይጋለጣል። እሾሁ መርዘኛ ስለሆነ ቀለሙን በማየት ብቻ ይብቃዎት። እግረ መንገዴን፣ የየብሱ ጊንጥም በሐምራዊ ባትሪ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቆላ አካባቢ ድንኳን ተክለው ለማደር ከልጆች ጋር የሚወጡ ከሆነ ያቺን ባትሪ ይዘው ይውጡ፤ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ጠቃሚ ናት።

ከውሃው በፊት

ከካሜራው በፊት ዋና ይማሩ። ብዙዎቻችን ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች ውሃ የምናውቀው በባልዲ ነው። እኔ የተማርኩት በ38 ዓመቴ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር፣ በሆቴል ገንዳ ነው። አፍሬ ነበር፤ ሲያልፍ ግን ያስቃል። ከዚያ ጅቡቲ ላይ የጀማሪ ጠላቂነት ፈቃድ ወሰድኩ። ፈቃድ ለሌለው ሰው፣ በስኖርክል ከላይ ተንሳፎ ማየትም ይቻላል፤ ልጄ ያየችው ሁሉ እስከ ደረቷ በሚደርስ ውሃ ነው። ልጆች በፓዲ ደንብ የጀማሪ ሥልጠና መውሰድ የሚችሉት ከ10 ዓመት፣ የሌሊት ጠላቂነት ሥልጠና ደግሞ ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው። ቦታውን በቀን አይተው ይወቁት፣ ከዚያ በሌሊት ይመለሱ። ብቻዎን አይግቡ። በኪስዎ ተጨማሪ ነጭ ባትሪ ይኑር። ሰማያዊው ብርሃን ሲያዩት ደብዛዛ ይመስላል፣ ግን ዓይን ይጎዳል፤ ሰው ፊት ላይ አያብሩት፣ ዓሣ ዓይን ላይም ረጅም ጊዜ አያቆዩት።

ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ታንክ ይዞ የጠለቀ ሰው ደሙ ውስጥ የሚሟሟው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ወደ ከፍታ መውጣት የለበትም። ዳን በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር እንዲቆይ ይመክራል። ብዙ ሰው ይህን የአውሮፕላን ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያስበዋል። የእኛ ከተማ ግን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከሚስተካከልበት ከፍታ ብዙም አትርቅም። ጅቡቲ ጠልቀው በማግስቱ ጠዋት በባቡር ወይም በመኪና ወደ አዲስ አበባ መውጣት ከመብረር የማይተናነስ መሆኑን ያስታውሱ። የመጨረሻውን ቀን ያለ ጠለቃ ያሳልፉት።

ጅቡቲም፣ የግብፅ ቀይ ባሕርም፣ ዛንዚባርም ኮራል አላቸው። የትም ቢሄዱ ለአስጎብኚ ድርጅቱ አስቀድመው ይደውሉና የሌሊት ጠለቃ እንዳላቸው፣ ሰማያዊ ባትሪ የሚያከራዩ መሆኑን ይጠይቁ። ባሕሩ ለጊዜው የማይሆን ከሆነ፣ ለሥራ ወይም ለጉብኝት በሄዱበት ከተማ ኮራል የሚያረባ አኳሪየም ይፈልጉ። ብዙዎቹ ገንዳዎቻቸውን በሰማያዊ መብራት ያበራሉ፤ በቢጫ ማጣሪያ ውስጥ ሲመለከቷቸው የቀሩት ቀለሞች ይወጣሉ። ፍላሽዎን አጥፍተው በስልክ ያንሱ፤ እዚያ ስልክዎ አይሰምጥም።

ሁለተኛው ምሽት

በሁለተኛው ምሽት ቢጫው በቦታው ነበር፤ ካሜራው ላይም ዓይኔም ላይ። ልጄ ከአክስቴ ልጅ ጋር ዳርቻው ላይ ቀርታ፣ እኔ ከአስጎብኚው ጋር ስድስት ሜትር ያህል ወረድኩ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ጎን ላይ ብርሃኑን ሲያሳርፍ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ በራች። ጣቱን ወደሷ ቀሰረ። በኋላ እንደነገረኝ ገና የተተከለች ሕፃን ኮራል ናት። በቀን ብርሃን በአጉሊ መነጽር ቢፈልጓት ትጠፋለች፤ ተመራማሪዎችም አዲስ የበቀሉትን ለመቁጠር ይህንኑ ሰማያዊ ብርሃን ይጠቀማሉ።

እሷን ለማንሳት ተጠጋሁ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። ትኩረቱ አልያዝ አለኝ፣ ትንፋሼን አወጣሁ፣ ትንሽ ሰመጥኩ። ጠላቂ ሁሉ የሚማረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ አየር ሲያወጡ ይወርዳሉ። ራሴን ለማንሳት እግሬን መታሁና በእግሬ ያጠለቅሁት የጎማ መቅዘፊያ ከኋላዬ የሆነ ነገር ነካ። ውሃ ውስጥ ድምፅ በደንብ ይሰማል። ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ቀጭ አለ።

ዞር ስል ቅርንጫፍ የበዛበት ኮራል ነበር። ከጫፉ የጣት ርዝመት ያህል ተቆርጦ አሸዋው ላይ ወድቋል፣ ወድቆም ያበራል። አስጎብኚው አየኝ። ምንም ምልክት አላሳየኝም፤ እጄን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝና ጠለቃውን እዚያው ቋጨው። ዳርቻው ላይ ሲናገር ድምፁን አላነሳም። ሁሉም ኮራል በአንድ ፍጥነት አያድግም፣ ቅርንጫፍ ያለው ፈጣን ከሚባሉት ነው፣ እሱም ቢሆን በዓመት የሚጨምረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው አለኝ። የሹሩባው ዓይነት ቢሆን ኖሮ አንድ ሴንቲ ሜትር ለማደግ ዓመት ሊፈጅበት ይችል ነበር። ከዚያ «በሚቀጥለው መጀመሪያ ያለ ካሜራ ትገቢያለሽ፣ በአንድ ቦታ ተንሳፈሽ አምስት ደቂቃ መቆየት ስትችይ ካሜራውን እሰጥሻለሁ» አለ። ልክ ነበር። ለእርስዎም የምለው ይህንኑ ነው፤ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት መቆም ይማሩ፤ መያዣ ፍለጋ እጅዎን ወደ ኮራል አይስደዱ፣ ከኋላዎ ያለውን ሳያዩ እግርዎን አያወናጭፉ።

በማግስቱ አልጠለቅንም። በረራችን በሦስተኛው ቀን ነበርና ከሰዓቱን በሙሉ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ፎቶዎቹን በላፕቶፕ አየናቸው። ከመቶ ምናምን ውስጥ የሚረቡት ሰባት ናቸው። የምስሯ ነጥብ ደብዝዛለች። አስጎብኚው እጄን ከመያዙ በፊት ሳላውቀው አንድ የመጨረሻ ፎቶ አንስቼ ኖሯል፤ ያ ባለ ቅርንጫፉ ኮራል። ከሁሉም የጠራው እሱ ነው። ቅርንጫፎቹ ሁሉ አረንጓዴ፣ በእያንዳንዱ ላይ ፖሊፖቹ ነጠብጣብ ሆነው ይቆጠራሉ። አንደኛው ጫፍ ላይ ግን ክብ ጥቁር ነገር አለ።

ልጄ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ይኼ ጥቁሩ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። እዚያ ጋ ሥጋው ተገንጥሎ ነጩ አጥንቱ ወጥቷል፣ አጥንት ደግሞ አያበራም፣ ለዚህ ነው ጥቁር የሆነው አልኳት። «እንደ ፎይሉ?» አለች። «አዎ፣ እንደ ፎይሉ።» ትንሽ ዝም ብላ «ማነው የገነጠለው?» ብላ ጠየቀች። እሱንም ነገርኳት።